የዘንገናው ውሃ አቀባይ

ክንዴ ከፈረስ የወደቀ ዕለት እንጅባራ ላይ ያልሳቀ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናቱ ሆድ ውስጥ ሳይንፈራገጥ አልቀረም። ነገሩ የሆነው ጥር ላይ፣ የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ነው። ያን ቀን አደባባዩን የሞላው ፈረስ ብዛቱ አይነገርም፤ አቧራው ብቻ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰው አስነጥሷል። በዚያ ሁሉ ፈረስ መካከል ክንዴ ዳማ ፈረሱን እያስጋለበ ወደ ክብር እንግዶቹ ዳስ መጣና፣ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን ከፍ ሲያደርግ ዳማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንዴ ግን አልቆመም። አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ የዳሱን ገመድ አልፎ፣ ለእንግዶቹ የተዘጋጀው የጠላ ጋን ውስጥ በጭንቅላቱ ገባ። እግሩን ይዘው ስበው እስኪያወጡት ድረስ ግማሹን ጋን ጠጥቶታል የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ ሩቡን ነው።

ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነውና ክንዴ እስከዚያ ቀን ድረስ «አባ ነጎድጓድ» ነበር። ከዚያ ወዲህ «አባ ጋን» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አባ ጋን፣ ለቅሶ ሲደርስ አባ ጋን። ጥሊሊ ገበያ በግ ሊገዛ ወርዶ እንኳ፣ አይቶት የማያውቅ ባለ በግ የበጉን ጥርስ ሲቆጥርለት ቆይቶ፣ «አንተ ያ አባ ጋን አይደለህም?» ብሎታል። ክንዴ በጉን ሳይገዛ ተመለሰ። በጉም ፈገግ ያለ መስሎታል።

ስሙስ ይሁን። የሚያንገበግበው የባንዲራው ነገር ነው። በየዓመቱ ከፈረሰኛው ሁሉ ፊት ቀድሞ ባንዲራ ይዞ የሚጋልብ አንድ ሰው አለ። ያን ሰው የሚመርጡት የማህበሩ አለቃ አያ ባምላክ ናቸው። እሳቸው የፈረስ ጥርስ በሩቅ አይተው የፈረሱን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የአያቱን ጠባይ የሚናገሩ፣ እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ብለው የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ክንዴ ያቺን ባንዲራ ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ነው የተመኛት። ከጋኑ በኋላ ግን ማን ደፍሮ ያነሳለታል?

እንግዲህ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የክለቦች የብስክሌት ውድድር ወደ አዊ ይመጣል ተባለና አያ ባምላክ ክንዴን አስጠሩት።

«መንገድ የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚያቀብል በጎ ፈቃደኛ ስጡን ብለውናል» አሉት። «አንተን የዘንገናው ቦታ ላይ አድርጌሃለሁ።»

«እኔን? አያ፣ ምን በወጣኝ! እኔ ፈረሰኛ እኮ ነኝ።»

«አድምጠኝ። ያ ቀን ማንም ሳይስቅብህ ካለፈ፣ የጥር በዓሉን ባንዲራ አንተ ትይዛለህ። ከሳቁብህ ደግሞ ለይሄነው እሰጠዋለሁ።»

ይሄነው ማለት፣ ክንዴ ከጋኑ እየተሳበ ሲወጣ «ለእኔም አንድ ዋንጫ ቅዳልኝ» ያለው ሰውዬ ነው።

«ማንም አይስቅም፣ አያ!» አለ ክንዴ። «በዚያ ቀን የሚስቅ ሰው ጥርሱን ይዞ ቤቱ አይገባም።»

«ፎክር አላልኩህም። ሥራህን ሥራ ነው ያልኩህ» አሉና ወደ ጓዳ ገብተው የገዛ ግላሳቸውን አምጥተው አዋሱት። ያ ግላስ ቀይ ነው፤ ከፈረሱ ትከሻ ተነስቶ እስከ ጭራው የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ በቢጫ ዘርፍ የተዘመዘመ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የዳንግላ ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ምንድን ነው የሚነደው?» የሚልበት ዓይነት የፈረስ ልብስ። «ለማህበራችን ክብር ነው፤ ፈረስህን አልብሰህ ቁም። ይህ ከጠፋብህ ግን አንተም አብረኸው ጥፋ» አሉት።

ለበጎ ፈቃደኞቹ ሥራቸውን ያስረዳችው ሰርክአዲስ የምትባል፣ ከባሕር ዳር የመጣች የውድድሩ ኃላፊ ናት። ቆብ አድርጋ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የመጣች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ያቺን ፊሽካ አንዴ ስትነፋት ዘንገና ሐይቅ ላይ የነበረ ዳክዬ ሁሉ ተነስቶ ጥሊሊ ላይ አረፈ።

«ውድድሩ ከዳንግላ ይነሳል» አለች። «እንጅባራን አልፎ ጥሊሊ ይደርስና ዞሮ ይመለሳል። የሚያልቀው እዚሁ እንጅባራ አደባባይ ነው። ዘንገና ላይ ያላችሁ ውሃ የምታቀብሉት ሲመለሱ ነው፤ ዳገት ስለሆነ በጣም ይጠማቸዋል። ኮዳውን አንገቱን ያዙና እጃችሁን ዘርጉ፤ እነሱ ሳይቆሙ ነጥቀው ይሄዳሉ።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ክንዴ አልሰማትም። አጠገቡ ላለው ሰው፣ ዳማው አንድ ቀን የጭነት መኪና ቀድሞ ቡሬ ከገባ በኋላ ሾፌሩ እስኪደርስ ተኝቶ እንደጠበቀው እየነገረው ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አለች ሰርክአዲስ።

ክንዴ እጁን አወጣ። «ውሃው ንጹሕ ነው?»

«የታሸገ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አታስቢ። እኔ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርኩት።»

የውድድሩ ዕለት ዘንገና ላይ የቆመው ተመልካች የጉድ ነበር። አጨዳውን ጥሎ የመጣ ገበሬ፣ ትምህርት የዘጋ ተማሪ፣ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጎረምሳ፤ አንዱ ባሕር ዛፍማ ከሸክሙ ብዛት ጎንበስ ብሎ እሱም መንገዱን ሲያይ ዋለ። ክንዴ የበጎ ፈቃደኞችን አረንጓዴ ሰደርያ በጋቢው ላይ ደርቦ፣ የዝንብ ጭራውን በእጁ ይዞ፣ ዳማው ላይ ጉብ ብሏል። ዳማው የአያ ባምላክን ቀይ ግላስ ለብሷል። የውሃ ኮዳዎቹ የተደረደሩበት ሣጥን ከመንገዱ ዳር ነው። ከሣጥኑ አጠገብ ደግሞ ሚስቱ የሻረግ ቆማለች። እሷም በጎ ፈቃደኛ ሆና የተመዘገበችው ለብስክሌት ብላ አይደለም፤ ባሏን ለመጠበቅ ነው።

«ከዚያ ፈረስ ላይ አትወርድም?» አለችው። «ውሃ የሚያቀብል ሰው ፈረስ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ማህበሩን ወክዬ ነዋ።»

«ማህበሩን ጥር ላይም ወክለኸው ነበር።»

«የሻረግ!»

«እሺ፣ አፌን ያዝኩ። ብቻ ዛሬ ጋን የለም፤ ብትወድቅም የምታርፈው አስፋልት ላይ ነው ብዬ ነው።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ ብስክሌተኞቹ ከእንጅባራ በኩል ቁልቁል መጡ። ሽው አለ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ከጉድባ ውስጥ እያነሱ፣ «ምንድን ነው ያለፈው?» አሉ።

«ውድድሩ ነው፣ አባቴ።»

«የቱ ጋ?»

«አለፈ።»

«ታዲያ ለዚች ነው ጠዋት ላሜን ሳላልብ የወጣሁት?»

ከዚያ ሁሉ ሽውታ መካከል አንዱ ብቻ እጁን አውለብልቦ ነበር፤ ነጋ። ነጋ የዳንግላ ልጅ ነው፤ አባቱ ፈረስ አርቢ ናቸው፣ የክንዴም ዳማ ከሳቸው በረት የወጣ ነው። በውድድሩ ውስጥ ከአዊ እሱ ብቻ ስለነበር ዞኑ በሙሉ ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው። ክንዴ ሲያልፍ አይቶት፣ «የእኛ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን ሐይቁ ማዶ ያለው ጫካ ተቀብሎ እስከ ጾም መያዣ ድረስ ሲመልሰው ከርሟል።

ከጥሊሊ ዞረው ሲመለሱ ነው ነገር የመጣው። ዳገቱ ጨርሷቸው ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊት የመጡት ስድስት ብስክሌተኞች ከላይ እስከ ታች በላብ ተነክረው፣ አረፋ ከአፋቸው ዳር ዳር እየወጣ፣ ደረታቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየነፋ መጡ። ላባቸው አስፋልቱ ላይ እየወረደ ከኋላቸው ትንሽ ጅረት ሠርቶ ነበር።

ክንዴ ከዳማው ወርዶ ኮዳ በእጁ ይዞ ነበር። አያቸውና ኮዳውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ።

በአዊ ምድር ጡት የጠባ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ። ጋልቦ የመጣ፣ ላቡ ያልደረቀ ፈረስ ውሃ አይሰጠውም። ከሰጠኸው ሆዱ ይነፋል፤ እዚያው ፊትህ ላይ ተዘርሮ ይቀራል። መጀመሪያ ትወርድለታለህ። ብርድ እንዳይመታው ታለብሰዋለህ። በእግሩ ታዞረዋለህ። ደረቱን በመዳፍህ ትነካዋለህ፤ ሲቀዘቅዝ ነው ውሃ። ላብ ያለበትን ፈረስ ያጠጣ ሰው በእንጅባራ ሚስትም አያገኝ።

«አቀብል እንጂ! መጡ እኮ!» አለች የሻረግ።

«ማንን ግደል ነው የምትይኝ?»

«ምን?»

«ላባቸውን አታይም? እንዲህ ላብ ያጠመቀው ፍጥረት ውሃ ጠጥቶ ሲተርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው እንጂ ፈረስ አይደሉም!»

«ሲጋልቡ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ደረታቸው ይነፋል ወይስ አይነፋም?»

«ይነፋል።»

«አረፋ ደፍቀዋል ወይስ አልደፈቁም?»

«ደፍቀዋል፣ ግን...»

«እንግዲያው የቀረቻቸው ጭራ ብቻ ናት!» አለና የውሃውን ሣጥን ዘግቶ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። የሻረግ ሣጥኑን ልትከፍት ብትታገለው፣ ክንዴን ከተቀመጠበት ማንሳት ዘንገናን በጭልፋ እንደመቅዳት ሆነባት።

የመጀመሪያው ብስክሌተኛ እጁን ዘርግቶ ደረሰ። «ውሃ! ውሃ!»

«ውረድ!» አለው ክንዴ።

«ውሃ!»

«መጀመሪያ ውረድ! ከዚያ ትዞራለህ! ከዚያ ውሃ!»

ሰውዬው በማናቸውም አገር የማይጻፍ ስድብ ሰድቦት አለፈ። ሁለተኛው ለመነ። ሦስተኛው አለቀሰ፤ ክንዴ ግን እንባውንም ከላብ ቆጥሮ ይብስ ጨከነበት። አንዱማ ተስፋ ቢቆርጥ ጊዜ ከክንዴ እጅ ጭራውን ነጥቆ ሄደ፤ እስከ እንጅባራ ድረስ ሲጠባው ነበር ይባላል።

ክንዴ ጭንቅ ያዘው። ጭንቁ የስድቡ አይደለም፤ ባንዲራው ነው። ዞር ብሎ ተመልካቹን ቃኘ። የሚስቅ የለም። እንዲያውም እኚያ ላማቸውን ሳያልቡ የወጡት ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሰውዬው ልክ ነው። ምነው እነዚህ ጌታ የላቸውም እንዴ? እንዲህ እያላባቸው ማን ነው ዝም ብሎ የለቀቃቸው?» አሉ። ባሕር ዛፉ ላይ ያለው ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ከየሻረግ በቀር ዘንገና በሙሉ ከክንዴ ጋር ነው።

ያኔ ነጋ ብቻውን ብቅ አለ። ከስድስቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ።

«ውረድ፣ ልጄ!» አለ ክንዴ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ።

ሌላ ብስክሌተኛ ቢሆን በጎኑ ሾልኮ ያልፍ ነበር። ነጋ ግን የፈረሰኛ ልጅ ነው፤ ጢም ያለው ሰው «ውረድ» ሲለው መውረድ እንጂ መከራከር አልተማረም። ወረደ።

«አያ ክንዴ፣ ውድድር ላይ እኮ ነኝ!» አለ እያለከለከ።

«አውቃለሁ። አባትህ ይህን ዳማ ያረቡልኝ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ውሃ አጠጥቼ ገድዬ ምን ብዬ ነው የማስተዛዝናቸው? ና ዙር!»

«አልሞትም፣ አያ! ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምንጠጣው!»

«እስከ ዛሬ እግዜር ጠብቆህ ነው።»

የአያ ባምላክን ቀይ ግላስ ከዳማው ላይ ገፎ የልጁ ትከሻ ላይ ጣለና ዘርፉን አንገቱ ስር ቋጠረለት። ከዚያ በአንድ እጁ ነጋን፣ በሌላው ብስክሌቱን ይዞ ያዞራቸው ጀመር። ብስክሌቱን ለምን ታዞራለህ ቢሉት፣ «እሷም ግላለች» አለ። አንድ ገበሬ እፍኝ ደረቅ ሣር አምጥቶ የልጁን ባት ያሽለት ጀመር። ሽማግሌው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ «ቀስ አድርገህ አዙረው፤ ግራ እግሩን ያስነክሰዋል» እያሉ ይመክራሉ።

የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ክንዴ መዳፉን የነጋ ደረት ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ገና ነህ። አንድ ዙር እንጨምር።»

«ኧረ አያ ክንዴ፣ በቁልቢው...»

«ዙር!»

ዞሩ። እንደገና ነካው። «አሁን ቀዝቅዘሃል። እንካ ጠጣ፤ ግማሹን ብቻ!»

ነጋ ኮዳውን በአንድ ትንፋሽ ግማሽ አድርሶ መለሰለትና ብስክሌቱ ላይ ዘለለ። ከዚያ የሆነውን ያዩ ሰዎች፣ ጎማው መሬት ነክቷል አልነካም በሚል እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ዘንገናና ጥሊሊ የተኳረፉት በዚሁ ነው የሚል ሰውም አለ።

ክንዴ ኮዳውን እያወዛወዘ፣ «አያችሁ? ፈረስ እንዲህ ነው የሚያዘው!» አለ።

«ክንዴ» አለች የሻረግ ቀስ ብላ።

«ምን?»

«የአያ ባምላክ ግላስ የት ነው ያለው?»

ክንዴ ዳማውን አየ። ጀርባው ራቁቱን ነው። ዳገቱን አየ። አንድ ቀይ ነገር ዘርፉን እያውለበለበ ወደ እንጅባራ ይበራል። ክንዴ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋልና በአገውኛ ጮኾ፣ ከቆመበት እርካብ ሳይነካ ዳማው ላይ ተገኘ።

ያን ግልቢያ ያላየ ሰው ግልቢያ አየሁ አይበል። ዳማው ከባሕር ዛፉ ስር የወጣው የገዛ ጥላውን ቀድሞ ነው። ነጋ ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ዞር ብሎ አየ። ክንዴ ኮዳውን ከፍ አድርጎ፣ «ቁም! ውረድ! ግላሱን!» ይላል። ነጋ የሰማው ግን «ውረድ» የምትለዋን ብቻ ነው። ደግሞ ሊያዞረኝ ነው! ብሎ አጎነበሰና እግሩን እስኪጠፋ ድረስ አሽከረከረው።

እነዚያ ስድስቱ ፊት ላይ አሉ፤ እንደ ኅዳር ሣር ደርቀዋል። አንዱ ዞር ሲል ቀይ የለበሰ ብስክሌተኛ፣ ከሱ ኋላ ፈረሰኛ ይመጣል። «ያ ሰውዬ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ስድስቱም የሌላቸውን ጉልበት ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ነፍሳቸውን ይዘው ወደ እንጅባራ ሸሹ። ቢሆንም ነጋ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን አብሮ አለፈ። ሰርክአዲስ ከኋላ በመኪና ሆና ጥሩንባ እየነፋች፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ፊሽካ እየነፋች፣ «ፈረሱን አውጡ! ከውድድሩ ፈረሱን አውጡ!» ትላለች። ዳማው ግን ፊሽካውን ለራሱ ማበረታቻ አድርጎ ወሰደው።

አደባባዩ ሲደርሱ ነጋ ሦስተኛ ወጣ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ሰዎች ስም ዛሬ እንጅባራ ላይ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ የለም። ባለ ቀዩን ግን ጠይቁ።

ክንዴም ደረሰ። የክብር እንግዶቹ ዳስ የተተከለው ጥር ላይ የተተከለበት ቦታ ነው። ዳማውም ጥር ላይ የቆመበትን ቦታ አልረሳም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንዴ ከኮርቻው ተነሳ፣ የዳማውን አንገት አለፈ፣ ጆሮዎቹ መካከል ደረሰ። ሕዝቡ በሙሉ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፤ የዳሱ ሸራ አብሮ ወደ ውስጥ ተሳበ። ከስር ደግሞ ጋን ተቀምጧል፤ የእንጅባራ ሰው እንግዳ ያለ ጠላ አይቀበልም። ክንዴ የዳማውን ሁለት ጆሮ ጨብጦ ጋኑ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጠላው ውስጥ የገዛ ፊቱን አየው። ተያዩ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ ወደ ኮርቻው ተመለሰ። አልወደቀም።

«እፎይ» ከማለቱ ግን ሰርክአዲስ ደረሰች። ከኋላዋ ስድስቱ ብስክሌተኞች፣ ምላሳቸው እንደ ክራቫት ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ።

«ይሄ ሰውዬ ነው! ውሃ ከለከለን! ሣጥኑ ላይ ተቀመጠበት!»

«የእኔን ጭራ የያዝከው አንተ ነህ?» አለ ክንዴ አንዱን።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች ሰርክአዲስ። «ውሃ ስጡ ብዬ አላስረዳኋችሁም?»

«ላብ ላይ?»

«አዎ፣ ላብ ላይ! ላብ ያለበት ሰው ውሃ ቢጠጣ አይሞትም! እንዲያውም ሳይጠጣ ነው የሚሞተው!»

አያ ባምላክ ከዳሱ ተነስተው መጡ። ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት ክንዴን አይደለም፤ በላብ ርሶ ብስክሌተኛ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ግላሳቸውን ነው።

ይሄነው ከኋላቸው፣ «በቃ አለቀለት» ብሎ ጺሙን ማበጠር ጀመረ።

ሰርክአዲስ ከመኪናዋ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ለክንዴ ዘረጋችለት። ኮዳው ላይ ጤዛ የሚመስል ነገር ይንጠባጠባል። «እርስዎም እኮ ላብ በላብ ሆነዋል። ይኸው፣ ይጠጡና ለሰዎችዎ ያሳዩዋቸው። ሞቱ እንደሆነ እናያለን።»

ክንዴ ጠምቶት ነበር። ጥሙ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም፤ ምራቁን ሊውጥ ቢል ምራቁ በዋዜማው አልቆ፣ ጉሮሮው እንደ ደረቅ ቆዳ ይንኳኳል። እጁ ሳያዘው ወደ ኮዳው ሄደ። አያ ባምላክ ያያሉ። ፈረሰኛው ሁሉ ያያል።

«ጠጣ እንጂ፣ አባ ጋን!» አለ ይሄነው። «መጠጣት እንኳ ታውቅበታለህ!»

ክንዴ ኮዳውን ተቀበለ። ክዳኑን ከፈተ። አሸተተው። ከዚያ መልሶ ከደነውና ኮርቻው ላይ አንጠለጠለው። ልጓሙን ያዘና፣ «እኔም ፈረሴም ገና ነን» ብሎ አደባባዩን ዳማውን እየሳበ በእግሩ መዞር ጀመረ።

አያ ባምላክ ወደ ነጋ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ውሃ መቼ ነው የሰጠህ?»

«አዙሮኝ፣ ደረቴን ነክቶ፣ ሲቀዘቅዝ ነው፣ አያ።»

«ግላሴስ?»

«ብርድ እንዳይመታኝ አልብሶኝ ነው።»

«ግማሹን ነው የሰጠህ ወይስ ሙሉውን?»

«ግማሹን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ግላስ ላብ ያለበትን ለማልበስ ነው የተሠራው። ዛሬ ሥራውን ሠራ። ባንዲራው የክንዴ ነው።»

«እንዴ፣ አያ!» አለ ይሄነው። «ካልሳቁብህ አይደል ያሉት?»

«ማን ሳቀ?»

«ብስክሌተኞቹ...»

«እነሱ ተሳደቡ እንጂ አልሳቁም። ሴትዮዋም ተቆጣች እንጂ አልሳቀችም። አንተስ ስቀሃል?»

ይሄነው ሳቅ ይኖርበት እንደሆነ ፊቱን በእጁ ዳሰሰ። ፈገግታ እንኳ አልነበረበትም።

ሰርክአዲስ ስለ ሰው ሆድና ስለ ፈረስ ሆድ ልዩነት ልታስረዳ አፏን ብትከፍት፣ ዙሪያዋን የከበቧት ፈረሰኞች ሁሉ በሐዘኔታ አዩዋት። አንዱ፣ «አይዞሽ፣ ባሕር ዳር ፈረስ የለማ፤ በምን ታውቂው» አላት። ክንዴን ከእንግዲህ ብስክሌት ባለበት መንገድ ዳር እንዳላየው ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

በዚህ መሐል የሻረግ በባጃጅ ደረሰች። የውሃው ሣጥን ጭኗ ላይ ነው፤ ከነጋ ኮዳ በቀር አንድም አልጎደለበትም። አደባባዩ ላይ ባሏ ፈረሱን ይዞ ይዞራል። ፈረሰኛው ሁሉ ተደርድሮ፣ እንደ ትልቅ ነገር፣ ቆቡን አውልቆ ያየዋል። ክንዴ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ኮርቻው ላይ የተንጠለጠለውን ኮዳ ብቻ ያያል።

«የሻረግ!» አለ በደረቀ ድምፅ። «ባንዲራው የኔ ሆነ!»

«ሰማሁ። ባጃጅ ነጂው ነግሮኛል።»

«እስቲ እይኝ። ውሃ ልጠጣ ነው። ቀዝቅዣለሁ አይደል?»

የሻረግ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠች። ቀረብ አለችና አረንጓዴ ሰደርያውን ገለጥ አድርጋ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ገና ነህ» አለችው። «አንድ ዙር ጨምር።»